የሐጂ ሙክታር ጀርባ

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ሰው ሰላም ካለኝ በኋላ ቀጥሎ የሚያነሳብኝ ወገቡን ነው። ሽንኩርት ልገዛ በቾ ቦሬ ሰፈር ስወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቀን ተቀምጠን ሳይቀር፣ "እትዬ ዘነበች፣ ለወገብ የቱ ፍራሽ ይሻላል? ያ ሜሞሪ ፎም የሚሉት እውነት ያድናል እንዴ?" ይሉኛል። ዕድሜዬን የጨረስኩት ፍራሽ ስሰፋና ስሸጥ ስለሆነ መልስ አላጣም። ግን አፌን ከመክፈቴ በፊት ሐጂ ሙክታር ትዝ ይሉኛል። ትዝ ባሉኝ ቁጥር ዛሬም እንደዚያ ቀን ክው እላለሁ።

አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሸዋ ተዛውረው ጅማ የገቡ ሰው ነበሩ። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ነው። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን የአባቴ መሥሪያ ቤት ታጠፈ፤ አባቴም ቤት ዋሉ። እኔ ልብስ ስፌት ተምሬ ሥራ ፈት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። አንድ ጎረቤታችን "ሐጂ ሙክታር የፍራሽ ልብስ የምትሰፋ ሴት ይፈልጋሉ" ሲሉኝ በማግስቱ ሄድኩ።

ሐጂ ረጅም፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ነጭ ኮፊያ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ስለ ትምህርቴም ስለ ቤተሰቤም አልጠየቁኝም። አንድ ቁራጭ አቡጀዴና ከመዳፌ የሚረዝም የጆንያ መርፌ ሰጡኝና፣ "ስፊ" አሉኝ። ሰፋሁ። ስፌቱን በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ጎትተው አዩት።

"የቀሚስ ስፌት ነው" አሉ። "ቀሚስ ላይ ሰው አይተኛም። ክሩን አጥብቂ፣ ማሎ፣ እባክሽ። ጥጥ እንደ ውሃ ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ ይወጣል።"

በዚያው ተቀጠርኩ።

ያኔ ፍራሽ ማለት ጥጥ ነው። ጥጡ ከነፍሬው፣ ከነቆሻሻው ታጭቆ ይመጣል። ወንዶቹ በዱላ ሲመቱት ቤቱ በብናኝ ይሞላል፤ ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን በሻሽ አስረን ነው የምንውለው። ከዚያ በእጅ ይፍታታል። ሐጂ የተፍታታውን ጥጥ እንደ ብርድ ልብስ በስሱ እየዘረጉ፣ አንዱን ንብር በቁመት፣ የሚቀጥለውን በአግድም ያነባብሩታል። ወገብ የሚያርፍበት መካከሉ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ጨመር ያደርጋሉ። "ሰው የሚከብደው እዚህ ጋ ነው" ይላሉ ዳሌያቸውን መታ እያደረጉ። አፉን ከሰፋን በኋላ መርፌውን በሲባጎ ከላይ እስከ ታች እያሳለፍን እንቋጥረዋለን፤ ጥጡ አንድ ቦታ ሄዶ እንዳይከማች ነው። ቋጠሮው ከላላ ፍራሹ በክረምት እንደ ድንች ማሳ ይሆናል። ከጠበቀ ደግሞ ቋጠሮው ራሱ ጎን ይወጋል። ቋጠሮ ማጥበቅ ምን ያህል እንደሆነ ጣቴ እስኪገባው ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ከሁሉም ግን ሐጂን በከተማው ያስታወቃቸው አሻሻጣቸው ነበር። ለቆመ ሰው ፍራሽ አይሸጡም። ደንበኛው ጫማውን አውልቆ፣ ቤቱ እንደሚተኛው መተኛት አለበት። በጎኑ የሚተኛ በጎኑ፣ በጀርባው የሚተኛ በጀርባው። ያፈረ ካለ፣ "ሸሚዝ ስትገዛ ትለካ የለም እንዴ?" ይሉታል። ጥቂት ዝም ብለው ይጠብቁና እጃቸውን ከወገቡ ሥር ይሰዳሉ። እጃቸው ያለ ምንም ንክኪ ሾልኮ ካለፈ ፍራሹ ለሰውየው ደርቆበታል ማለት ነው፤ ወገቡ አየር ላይ ነው። እጃቸው አልገባ ካለና ዳሌው ከሰመጠ ደግሞ ለስልሶበታል። እጅ እየታከከ፣ ግን ሳይታገል ካለፈ "ይህ ያንተ ነው" ይላሉ። ሴት ስትመጣ "ዘኔ!" ብለው ይጠሩኝና ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ። እጄን የምሰደው እኔ ነኝ።

በዚህ ብልሃት ስንቱን ሰው ከወገብ ሕመም እንደገላገልን ሳስብ እኮራ ነበር። ቡና ተሸካሚዎች፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ቡና የሚለቅሙ ሴቶች፣ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት የሚመጡ ነጋዴዎች ምስጋናቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። ሐጂን "የወገብ ሐኪም" የሚሏቸውም ነበሩ። ሐጂ "አስተግፊሩላህ" ይላሉ እንጂ ደስ እንደሚላቸው ፊታቸው ይናገራል።

ዓመታት ሄዱ። ስፖንጅ መጣና ጥጡን አባረረው። ዱላውም ብናኙም ቀረ፤ መርፌዬም ዛገ። እኔ ከሰፊነት ወደ ሻጭነት ተዛወርኩ፣ ኋላም የሱቁ ኃላፊ ሆንኩ። ቡና ተሽጦ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ በሚኖርበት ወራት ፍራሽ በአይሱዙ ጭነን አጋሮና ሊሙ ገነት እንወርዳለን። ደመወዜ ብዙ ባይሆንም ቤቴን አላጎደለብኝም። የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ሰፊያ በዚያ መካከል አረፉ። ሐጂ በቾ ቦሬ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። አንድ ልጃቸው ፈትሂ አዲስ አበባ ንግድ ተምሮ መጥቶ ሱቁን ተረከበ፤ መስታወት በር አስገባ፣ ወለሉን ሴራሚክ አለበሰ። ሐጂ ግን በየቀኑ እየመጡ በር አጠገብ ባለች ወንበራቸው ላይ መቀመጣቸውን አልተዉም።

የመጀመሪያውን ሜሞሪ ፎም ያመጣው ፈትሂ ነው። ተጠቅልሎ፣ አየሩ ተመጥጦ እንደ ምንጣፍ ቀጥኖ ነበር። ፕላስቲኩን ሲቀደው እያበጠ፣ እየተነፋ ሲነሳ ሁላችንም ወደኋላ ሸሸን። ሐጂ ቀስ ብለው ቀረቡና መዳፋቸውን ጫኑበት። ሲያነሱት የእጃቸው ቅርጽ ከነጣቶቹ እዚያው ቀረ።

"ያ ረቢ! ፈትሂ፣ ይህ ነገር እጄን ያዘብኝ እኮ!"

"አልያዘም አባ፤ ያስታውሳል። ቆይ ይሞላል።"

ቅርጹ ቀስ ብሎ ሞልቶ ጠፋ። ሐጂ እንደ ልጅ ደጋግመው እየጫኑ ሲያዩት ዋሉ።

ስለ ሜሞሪ ፎም የተማርኩትን እዚህ ላይ ልናገር፤ ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል። ይህ ፍራሽ የሚለሰልሰው በሰውነት ሙቀት ነው። በጅማ ብርድ ጠዋት ሱቅ ገብቶ በጣቱ ጫን አድርጎ "ደረቅ ነው" ብሎ የሚሄድ ሰው ተሳስቷል። መተኛት፣ እስኪሞቅ መቆየት ያስፈልጋል። በጎኑ የሚተኛ ሰው ትከሻው ገባ እንዲል ላዩ ወፈር ያለ ይሻለዋል። በሆዱ ለሚተኛ ግን አልመክርም፤ ወገቡ ይጎብጣል። ከሥሩ ጠንካራ ስፖንጅ ከሌለው ከጊዜ በኋላ እንደ ገንዳ ይሰረጉዳል። አንስታችሁ እዩት፤ ጥሩው ይከብዳል። ዚፑን ከፍታችሁ እዩ። እኛ ዘንድ አንዴ ከሌላ ነጋዴ የተገዛ "ሜሞሪ" ለጥገና መጥቶ ሽፋኑን ስከፍት፣ ከላይ እንደ ቂጣ የሳሳ ሜሞሪ ተለጥፎበት ውስጡ የስፖንጅ ቁርጥራጭ በማስቲሽ የተጣበቀበት ነበር። ባለቤትዮዋ ጭንቅላቷን ይዛ "በዚህ ላይ ነው የተኛሁት?" ስትል ትታየኛለች። ደግሞ ሜሞሪ ፎም ይሞቃል። ላብ የሚበዛበት ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ይህች የሙቀቱ ነገር ኋላ ምን እንዳደረገችን እነግራችኋለሁ።

በዚያው ጊዜ ግድም ሐጂ ጀርባቸውን ማመም ጀመራቸው።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥጥ የተሸከሙ ሰው ናቸው። ሐጂ ራሳቸው "የጥጡ ዕዳ ነው" ብለው ሳቁ። የሚተኙበትን ስፖንጅ አስወጥተው የጥጥ ፍራሽ በእጃችን እንድንሠራላቸው አደረጉ። አልተሻላቸውም። ፍራሹን አጠነከርነው። ከሥሩ ጣውላ አስገባን። ከዚያ ስፕሪንግ ሞከሩ፤ እሱንም ጠሉት። ሕመሙ ይብስ ጀመር። ከወንበራቸው ሲነሱ የበሩን እጀታ ይይዛሉ። ፊታቸው ከሳ፤ እኛ ረመዳን ነው አልን።

ፈትሂ ለመናቸው። "አባ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"እኔ?" አሉ ሐጂ። "ሰው ለወገቡ ወደኔ እየመጣ እኔ ለወገቤ ሐኪም ቤት ልሂድ? ሰው ቢያየኝ ምን ይላል?"

"ሰው ምንም አይል።"

"ሱቁን ዝጋው በላ!"

በመጨረሻ አንድ ወጌሻ ቤት ድረስ መጥቶ እንዲያሻቸው ተስማሙ። ቀኑም ተቆረጠ። ፈትሂ ደግሞ እስከዚያው ብሎ ሱቅ ካለው ሜሞሪ ፎም ሁሉ ጥሩውን ለአባቱ ቤት ላከ። ሐጂ ለትንሽ ቀናት "ደህና ነው" አሉ። ቀጥሎ ግን "ይሞቀኛል፣ ሌሊት በላብ እጠመቃለሁ" ብለው አማረሩ። እኔም የሚያውቀውን እንደሚናገር ሰው፣ "ሜሞሪ ነው ሐጂ፤ ያሞቃል" አልኳቸው።

ወጌሻው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት ዝናብ እየጣለ ሐጂ ሱቅ መጡ። "ሌላ አሳዩኝ፣ ሞቃት ያልሆነ" አሉ። ፈትሂ አዲስ የገባ፣ እንደ ፊተኛው አይሞቅም የተባለ፣ ላዩ ገና ያልለበሰ ሜሞሪ ፎም ዘረጋላቸው። ሐጂ ካፖርታቸውን አውልቀው በስስ ጀለቢያቸው በጀርባቸው ተኙ። እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ቆዩ። ፈትሂ እጁን ከወገባቸው ሥር ሰደደ።

"ልክ ነው አባ። ይህ ያንተ ነው።"

ደግፎ አነሳቸው። እኔ ፍራሹን ላስተካክል ጎንበስ አልኩ። ብርድ ስለነበር ቅርጹ ቶሎ አልሞላም፤ የሐጂ ገላ ከትከሻ እስከ ዳሌ ፎሙ ላይ ታትሞ ነበር። ትከሻው ይታያል። ዳሌው ይታያል። ከሁለቱ መካከል፣ ከወገብ በላይ፣ የጀርባ አጥንት በሚያልፍበት መስመር ላይ ቡጢ የተመታ የሚመስል ጉድጓድ አለ። ሰው ጀርባ ላይ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እያየሁት ቀስ ብሎ ሞላና ጠፋ።

ፍራሹን ትቼ ወደ ፈትሂ ዞርኩ።

"ፈትሂ" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "የአባትህን ጀርባ እይ።"

"ምን?"

"ልብሳቸውን አንሳና እይ! አሁን!"

እኔ ወደ መጋዘኑ ገባሁ። ከመጋረጃው ወዲያ የሐጂን "ምን ሆነሃል አንተ ልጅ፣ ተወኝ!" የሚል ቁጣ ሰማሁ። ከዚያ ፈትሂ "ያ አላህ... ያ አላህ..." ሲል። ስወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። የአባቱ ጀርባ መካከል አጥንቱ እንደ ድንጋይ አብጦ ወጥቷል። ወይዘሮ ሰፊያ ካረፉ ወዲህ ያን ጀርባ ያየው ሰው የለም። ሐጂ ራሳቸው እጃቸው አልደረሰበትም። በከተማው ያለውን ጀርባ ሁሉ ሲዳስሱ የኖሩ ሰው የራሳቸውን የሚዳስስ አላገኙም።

"ማል ታኤ?" አሉን፤ ምን ሆናችሁ ማለታቸው ነው። "ምን አያችሁ?"

ፈትሂ መኪና ሊያቀርብ ወጣ። ሐጂ ተከትለውት የሱቁን ደረጃ ሊወርዱ እግራቸውን አነሱ፤ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ዝናቡ ላይ በጉልበታቸው ወደቁ። ስናነሳቸው "እግሬ የት አለ? እግሬ አይሰማኝም" ይላሉ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሆስፒታል ስንደርስ ያየቻቸው ዶክተር ገና ወጣት ናት። በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀለች በእርጋታ ጠየቀቻቸው።

"አባባ፣ ሌሊት ያልብዎታል?"

"ያልበኛል። አዲሱ ፍራሽ ነው፤ ይሞቃል።"

"ከስተዋል?"

"ጾም ነበር ልጄ።"

"እግርዎን ይደነዝዝዎታል?"

"ወንበር ላይ ስለምውል ነው።"

እኔና ፈትሂ ተያየን። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ነበረን፤ ሁሉም መልስ ስለ ሌላ ነገር ነበር። ራጅ ተነሱ፣ ሌላም ምርመራ ተጨመረ። ዶክተሯ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጋ አሳየችን። ከተደረደሩት አጥንቶች መካከል ሁለቱ ነቀዝ የበላቸው መስለው ተደርምሰዋል።

"የአከርካሪ ቲቢ ነው" አለች።

"ቲቢ?" አለ ፈትሂ። "ሳል እንኳ የላቸውም እኮ!"

"ቲቢ ሳንባ ብቻ አይይዝም። አጥንትም ይይዛል። እያደር ነርቩን ተጭኖታል፤ እግራቸው የከዳቸው ለዚያ ነው።" ከዚያ ዞር ብላ "ማንም አላሻቸውም አይደል? ወጌሻ ነክቷቸዋል?" ስትል ጠየቀች።

"ነገ ነበር" አልኳት።

"እንኳን ነገ ሆነ" አለች። "ይህን ጀርባ ቢጫኑት ኖሮ ከነጭራሹ ላይነሱ ይችሉ ነበር።"

አልጋውን ተደግፌ ቆምኩ። ሐጂ ግን ነገሩን ሰምተው እንዳልሰማ ጣራ ጣራ ያያሉ። ለራሳቸው የፈሩ መስሎኝ ላጽናና ጠጋ ስል፣ "ዘኔ" አሉኝ። "የሊሙዋ ልጅ።"

"የቷ ሐጂ?"

"ነኢማ። ሦስት ጊዜ ፍራሽ የሠራንላት።"

ያን ጊዜ ነው ዋናው ድንጋጤ የመጣው። ነኢማ የሊሙ ገነት ልጅ ነበረች፤ አዲስ ሙሽራ፣ ቡና ማጠቢያ ቦታ የምትሠራ። ከዓመታት በፊት ጀርባዬን ብላ ከእናቷ ጋር መጣች። አስተኝተናት እጄን ከወገቧ ሥር ሰድጄ፣ ደርቆባታል አልኩ፤ ለስለስ ያለ ሸጥንላት። ተመልሳ መጣች፤ ጠንካራ ቀየርንላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ከስታ፣ የእናቷን ትከሻ ይዛ ነበር የምትራመደው። ሐጂ አዘኑላትና በገዛ እጃቸው ሠርተው ከሱቁ ካለው ሁሉ የበለጠ ፍራሽ ሰጧት። "ከዚህ በኋላ ካልተሻለሽ እኔ ሙክታር አይደለሁም" አሏት። ከዚያ አልተመለሰችም። እኛም ተሻላት ብለን ደስ ብሎን ነበር።

እጄ ሁልጊዜ የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው። ክፉው ነገር ያለው ከወገብ በላይ ነበር። የሐጂ ብልሃት ፍራሽ ይለካል፤ በሽታ አይለካም። ይህን ማናችንም አስበነው አናውቅም።

"ሞታለች" አሉ ሐጂ። "እኔ ፍራሽ እየቀያየርኩ ልጅቷን ገደልኳት።"

ፈትሂ "አባ፣ አሁን ስለራስህ አስብ" ቢላቸውም አልሰሙትም።

ሐጂ ለወራት ከአልጋ አልተነሱም። መድኃኒቱ ረጅም ነው። ያ የተማረሩበት ሜሞሪ ፎም ያኔ ጠቀማቸው፤ እግሩ የማይንቀሳቀስ ሰው ገላው በአንድ ጎን ሲጫን ይቆስላል፣ ለስላሳ ፍራሽ ጫናውን ያበርደዋል። ግን ፍራሹ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ፈትሂ ሌሊትና ቀን እያገላበጣቸው ነው ገላቸው የዳነው። አንድ ቀን ሱቅ ሆኜ ስልክ ጮኸ። ፈትሂ ነው። እያለቀሰ ስለሆነ መርዶ መሰለኝና "ወይኔ ጌታዬ!" ብዬ ጮህኩ።

"አይደለም እትዬ! አውራ ጣቱን አንቀሳቀሰ! አየሁት፣ አንቀሳቀሰው!"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ደንበኛ ቆሞ እያየኝ ነበር።

ሐጂ በከዘራ መራመድ እንደጀመሩ መጀመሪያ የጠየቁት መስጊድ መሄድ ነበር። ሁለተኛው ሊሙ ገነት። ፈትሂ ሊያስቀራቸው ሞከረ፤ "መቃብሯንም ቢሆን አሳዩኝ" አሉ። ቡና ለቀማ ላይ ስለነበር ፍራሽ የሚሸጥበት ወቅት ነው፤ አይሱዙውን ጭነን ሦስታችን ከሹፌሩ ጎን ገቢና ተጨናንቀን ተቀመጥን። መንገዱ በነቀነቀ ቁጥር ሐጂ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አንዴም ግን አላጉረመረሙም።

የነኢማን እናት ቤት ጠይቀን ደረስን። ፈትሂ አንኳኳ። እኔ ለእናትየዋ የምለውን ቃል በሆዴ እየደጋገምኩ ነበር። በሩ ተከፈተ።

የከፈተችው ራሷ ነኢማ ናት። ቆማለች። በሁለት እግሯ ቆማ፣ በአንድ እጇ ቡና የያዘ እንቅብ ጎኗ ላይ ደግፋለች። ጀርባዋ ትንሽ ጎበጥ ብሏል እንጂ እሷው ናት።

ሐጂ ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ፈትሂ ደገፋቸው።

"ሐጂ!" አለች እሷም ደንግጣ። "ምን ሆኑ? ምን ነካዎት? ኮታ፣ ኑ ግቡ!"

"ነኢማ ነሽ?" አሉ ሐጂ። "ትሄጃለሽ? በእግርሽ?"

"አልሐምዱሊላህ።"

ገብተን ተቀመጥን። ሐጂ ያገኛቸውን በሽታና ሆስፒታል ስለ እሷ ያሉትን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሯት። ነኢማ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "የኔም እሱ ነበር" አለች። "እግሬ ሲደነዝዝ እናቴ ሐኪም ቤት ካልሄድን አለች። እጃችን ላይ ምንም አልነበረም። ያን ሦስተኛውን ፍራሽ፣ የርስዎን ሥራ፣ ሸጬ ነው የታከምኩት።"



"ፍራሹን ሸጥሽው?" አሉ ሐጂ።

"ሸጥኩት። ጥሩ ፍራሽ ስለነበር ቶሎ ተገዛ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽንም ልጄ? ብትነግሪን ኖሮ..."

"መጥቼ ነበር፤ ከሐኪም ቤት ስወጣ ሱቁ ደጅ ድረስ መጣሁ። ሠርተው የሰጡኝን ሸጥኩት ብዬ እንዴት ልንገርዎት? ደግሞ ቲቢ ሲባል ሰው ይሸሻል። ባሌ እንኳ ሸሽቶ ሄደ። ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ።"

ያን ቀን በሩን ገፋ አድርጋ ብትገባ ኖሮ ሐጂ ምልክቱን ያውቁት ነበር። ጀርባቸው ሳይሰበር ይታከሙ ነበር። ከመስታወቱ ወዲያና ወዲህ ሆነን ተላለፍን።

"አውፍ በይኝ" አሉ ሐጂ፤ ይቅር በይኝ ማለታቸው ነው።

"ለምኑ? እርስዎ ሐኪም አይደሉ።"

"እኔ ግን ነኝ ብዬ አስብ ነበር እኮ" አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። ነኢማ ተነስታ እጃቸውን ሳመች፤ እሳቸውም ግንባሯን።

ልንወጣ ስንል ፍራሽ የጫነ መኪና መጣ ሲባል የሰማች አንዲት ጎረቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ጫልቱ ትባላለች። ጠና ያለች ሴት ናት፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች።

"ወገቤ ሊገድለኝ ነው" አለች። "ያ የሚሰጥም፣ ሜሞሪ የሚሉት አላችሁ?"

"አልሸጥልሽም" አሉ ሐጂ።

"ምነው? ገንዘብ ይዣለሁ እኮ!"

"ነይ ግቢ መኪና ውስጥ። ጅማ ነው የምንሄደው።"

ሴትዮዋ እኛን አይታ፣ ነኢማን አይታ፣ ቀለሟ ተለወጠ። ነኢማ አብሬሽ እሄዳለሁ ስትላት ነው እሺ ያለችው። ገቢናው ስላልበቃ ፈትሂ ከኋላ ፍራሾቹ ላይ ቦታ አመቻቸላቸውና እሱም አብሯቸው ተቀመጠ። እኔና ሐጂ ከሹፌሩ ጋር ሆንን። ሐጂ እስከ ጅማ ድረስ ከንፈራቸው ዱዓ ሲያደርግ ነበር።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆየን። ጫልቱ ራጅ ተነሳች፣ ደምም ሰጠች። ሐጂ መቀመጥ እምቢ ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ያቺው ወጣት ዶክተር ፊልሙን ይዛ ስትወጣ ፊቷን አየሁ፤ ምንም አይነበብም።

"አጥንቷ ጤነኛ ነው" አለች። "ቲቢም የለም፣ ሌላም የለም። ከባድ መሸከም ጡንቻዋን ጎድቶታል። ደግሞ የምትተኛው ጠፍሩ የረገበ አልጋ ላይ ነው አለችኝ። ሸክሙን ትቀንስ፣ ትንሽ እንቅስቃሴ አሳያታለሁ፣ ደህና ፍራሽ ላይ ትተኛ።"

ሐጂ የሰሙትን አላመኑም። "እርግጠኛ ነሽ ልጄ? እንደገና እዪልኝ።"

"ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ አባባ።"

"ፍራሽ ብቻ ነው?"

"ፍራሽና ዕረፍት።"

ሐጂ ኮፊያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በዚያ ሁሉ ዓመት ሐጂ ሙክታር ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ፈትሂ ሊይዛቸው ቢጠጋ በእጃቸው ገፉት። ከክፍሉ የወጣችው ጫልቱ ይህን ስታይ ክው ብላ ቀረች።

"ምነው?" አለች እኔን ይዛ። "ምነው ያለቅሳሉ? ልሞት ነው እንዴ?"

ሐጂ ኮፊያውን ከፊታቸው አነሱ። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

"አይደለም ልጄ፣ አይደለም" አሏት። "ነይ፣ ፍራሽ እንምረጥልሽ።"